ጣና የጎደለበት ዓመት

ወዳጆቼ፣ የአየር ንብረት ጉዳይ ሲነሳ "መንግሥት ሳይንቲስቶቹን ቢሰማ ኖሮ" ማለት ለምደናል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የውሃ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን የራሳችን ጣና ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየኛል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ለጭስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ለመልቀቅ ነው። በ2001 ሁለተኛው የጭስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ግድቡም ተጨማሪ በሮች ተገጠሙለት።

አሁን ቁጥሩን ልብ በሉ። በግድቡ እቅድ የሐይቁ ከፍታ ከ1787 እስከ 1784 ሜትር ድረስ ሊወርድ ይችላል። ለመርከብ ጉዞ ግን ቢያንስ 1784.75 ሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ መርከቦቹ መቆማቸው ገና ከወረቀቱ ይታይ ነበር ማለት ነው!

2002 የኤልኒኖ ዓመት ሆነ። ኤልኒኖ ሲመጣ ክረምታችን እንደሚሳሳ የሜትዎሮሎጂ ሰዎች ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር። ዝናቡ ቀነሰ፤ ውሃው ግን ለተርባይኑ መለቀቁን ቀጠለ። ሰኔ 2003 (በእኛ 1995) ጣና በልኬት ታሪኩ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ ወረደ። መርከብ ቆመ። ደንገሉ ደረቀ፣ ዓሣው ቀነሰ፤ ውሃው የሸሸበት መሬት ታረሰ።

እና ጥፋቱ የማን ነው? አገሪቱ መብራት ያስፈልጋት ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ሐይቁም ከ1959 ጀምሮ ሲለካ ስለኖረ መረጃ አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው፦ ዝናቡን የሚተነብየው፣ ውሃውን የሚለካው፣ በሩን የሚከፍተውና በጀልባ የሚኖረው ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አይወስንበትም።

በ2010 ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ከዚያው ሐይቅ በዋሻ ሌላ ውሃ መውሰድ ተጀመረ። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። ዝናብ በሚያንስበት ዓመት ከመብራቱ፣ ከመርከቡና ከዓሣው ማን ይቅደም? ይሄ ሳይንስ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም። ሳይንስ ስንት ውሃ እንዳለ ይነግረናል፤ ማን ይጠማ የሚለውን የሚወስነው ግን መንግሥት ነው። ሲወስን ደግሞ በግልጽ፣ የሚጎዳው ሰው ባለበት ይሁን።

የዘጌ፣ የደቅና የጎርጎራ ልጆች፣ ያንን ዓመት የምታስታውሱ ካላችሁ እስቲ ከታች ጻፉልን።