የአዲስ አውቶሞቢል የሞተር ዘይት በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

ይህ መረጃ አዲስ አውቶሞቢል የገዙ ባለንብረቶች የሞተር ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ በአግባቡ እንዲወስኑ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ጊዜው ካለፈ ሞተሩ ያለዕድሜው ያረጃል፤ የአምራቹ ዋስትናም ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ያለበቂ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መቀየር ደግሞ ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

1. ዘይት ለምን ይቀየራል?

የሞተር ዘይት የብረት ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይፋጩ ያደርጋል፣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ጥላሸትና ብናኝ ተሸክሞ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፣ ዝገትንም ይከላከላል። በአገልግሎት ላይ በቆየ ቁጥር ግን በውስጡ ያሉት ተከላካይ ኬሚካሎች ይሟጠጣሉ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ እርጥበትና ጥላሸትም ይቀላቀሉበታል። ተሽከርካሪው ብዙ ባይነዳም ዘይቱ በጊዜ ብዛት ይበላሻል። አምራቾች ገደቡን በኪሎ ሜትርም በወርም የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ተፈጻሚ የሚሆነው ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው።

2. ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም

«በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር» የሚለው ልማድ በስፋት ይታወቃል። ይሁን እንጂ የአሁኖቹ ሞተሮችና ሲንተቲክ ዘይቶች ከዚህ የረዘመ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ። ለምሳሌ ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡና 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ዘይት የሚጠቀሙ በርካታ የቶዮታ ሞዴሎች በመደበኛ አጠቃቀም 10,000 ማይል ወይም 12 ወር፣ በከባድ አጠቃቀም ደግሞ 5,000 ማይል ወይም 6 ወር ተቀምጦላቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 16,000 እና 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። በመሆኑም ባለንብረቱ በመመሪያ መጽሐፉ የሰፈረው ቁጥር በማይል ነው ወይስ በኪሎ ሜትር የሚለውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

3. አጠቃቀሙ መደበኛ ነው ወይስ ከባድ?

ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱት ከተማ ውስጥ በዝግታ መንዳትን እንደ ቀላል አጠቃቀም በመቁጠራቸው ነው። በአምራቾች መመሪያ ዘንድ በተለምዶ እንደ ከባድ አጠቃቀም የሚወሰዱት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. አቧራማ በሆነ የጠጠር ወይም የፒስታ መንገድ ላይ አዘውትሮ መንዳት፤
ለ. ከባድ ጭነት መያዝ ወይም ተጎታች መሳብ፤
ሐ. በብርድ ወቅት ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የሚጠናቀቅ ተደጋጋሚ አጭር ጉዞ፤
መ. እንደ ታክሲ አገልግሎት ባለ ሥራ ሞተሩን ሳያጠፉ ለረጅም ጊዜ መቆም ወይም በዝግታ መጓዝ።

በተራ ቁጥር «መ» የተመለከተውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሸፍን ሞተሩ 83 ሰዓት ያህል ይሠራል። በትራፊክ መጨናነቅ ሳቢያ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ግን ለተመሳሳይ ርቀት 333 ሰዓት ያህል ይሠራል። ቆጣሪው እኩል ቢያሳይም የሁለተኛው ዘይት አራት እጥፍ አገልግሏል።

4. ጊዜውን እንዴት መወሰን ይቻላል?

በመጀመሪያ ከመመሪያ መጽሐፉ የመደበኛና የከባድ አጠቃቀም ገደቦችን ይመልከቱ። ቀጥሎ የእርስዎ አጠቃቀም ከየትኛው እንደሚመደብ ይለዩ። በመጨረሻም በወር የሚነዱትን ርቀት አስልተው ቀድሞ የሚደርሰውን ገደብ ይያዙ።

ለአብነት የመጽሐፉ ገደብ በመደበኛ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ በከባድ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው እንበል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ በወር 600 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ባለንብረት በ6 ወር 3,600 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ስለሆነም 5,000 እስኪሞላ ሳይጠብቅ በ6ኛው ወር ይቀይራል። በአስፋልት መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው 7 ወር ሊሆነው ሲል ነው።

ለሌላ አገር ገበያ የተመረተ ተሽከርካሪ ሲሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት የሚደርስ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ግን በአምራቹ ለተፈቀደ ልዩ ዘይትና ለተስማሚ አነዳድ ብቻ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያውን ዘይት በሚመለከትም በ1,000 ኪሎ ሜትር መቀየርን የሚያዙ አምራቾች እንዳሉ ሁሉ ቀድሞ እንዳይቀየር የሚመክሩም ስላሉ መጽሐፉን መከተል ይገባል።

5. በመካከል ሊደረግ የሚገባ ክትትል

ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ ላይ በማቆምና የሞቀውን ሞተር አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ በመጠበቅ የዘይቱን መጠን በመለኪያው መመልከት ያስፈልጋል። መጠኑ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የዘይቱ መጥቆር ብቻውን የመቀየሪያ ጊዜው መድረሱን አያሳይም፤ በተለይ በናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል።

እየነዱ ሳለ ቀይ የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ግን ጉዳዩ ከመቀየሪያ ጊዜ ጋር የተያያዘ አይደለም። ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ ላይ ወዲያውኑ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ግዴታ ነው፤ መንዳት መቀጠል ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍም ዘይት መቀየርን አይተካም።

6. የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ ተሽከርካሪዎች

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አውቶሞቢል የሞተር ዘይት የለውም፤ ሆኖም የማርሽ ክፍል ዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በመመሪያው መሠረት ሊታዩለት ይገባል። ሃይብሪድ ግን የነዳጅ ሞተር ስላለው ዘይቱ በመጽሐፉ በተቀመጠው ጊዜ ይቀየራል።

7. መረጃ አያያዝና የተቃጠለ ዘይት አወጋገድ

ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የዘይቱንና የፊልትሮውን ዓይነት መመዝገብና ደረሰኙን ማስቀመጥ የዋስትና ጥያቄ ሲቀርብ ማስረጃ ይሆናል። የተቃጠለ ዘይት በቦይ፣ በወንዝ ወይም በአፈር ላይ መድፋት ውሃንና አፈርን ይበክላል፤ በመሆኑም በሚከደን ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚቀበል ጋራዥ መሰጠት አለበት።