ከ14 ይበልጣልን? ባሕረ ሐሳብ በቀድሞ ኮምፒውተር ላይ

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች የባሕረ ሐሳብ ተማሪ መጥቅዕን እንዳወጣ ከ14 ይበልጥ እንደሆነ ይመረምራል። ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። የ2017 ዓ.ም. ወንበር 11 ነበር፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል፤ በዓሉም መስከረም 29 ዋለ።

እኩል ቢሆንስ? ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነውና አሥራ ዘጠኙንም አሰላኋቸው፤ 13ም 15ም ይገኛሉ፣ 14 ግን ከቶ አይወጣም።

ይህ በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ኮሞዶር 64 ላይ ዋጋ አለው። የ6502 ቤተሰብ የሆነው ፕሮሰሰሩ «እኩል ወይም የሚበልጥ»ን ካነጻጸረ በኋላ በአንድ የመዝለያ ትእዛዝ ይለያል፤ «የሚበልጥ» ብቻ ከተባለ ግን እኩልነትን የሚያጣራ ሌላ መዝለያ ይጨመራል። መዝለያው ካልዘለለ 2፣ ከዘለለ 3፣ የሜሞሪ ገጽ ከተሻገረ 4 የሰዓት ምት ይፈጃል። በ15 ማነጻጸርም ያው ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ያ ብልሃት እንኳ አያሻም።

ይልቁን ጊዜ የሚበላው ማባዛቱ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የማባዛት ትእዛዝ የለውም። ሊቃውንቱ ግን አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ስለሚያውቁ አንዱን ከ30 ቀንሰው ሌላውን ያገኛሉ። ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይባላል፤ በማባዛት የሄደ ፕሮግራም ለዚህ ዓመት የተለየ ሁኔታ መጻፍ ግድ ይለዋል፤ አበቅቴውን 0 ከ30 የቀነሰው ግን ያለ ምንም ሁኔታ 30 ላይ ይደርሳል።