ከሐዲዱ በታች፦ ሐዋሳ ያልደረሰው ባቡርና የርካሽ መሠረት ታሪክ

ሐዋሳ ባቡር አያውቃትም። ወደ ደቡብ የሚወርድ የባቡር መስመር ግን በሁለት የተለያዩ መንግሥታት ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል። በሁለቱም ጊዜ ወረቀቱ ተጻፈ፣ ካርታው ተሠመረ፣ ሐዲዱ ግን አልደረሰም።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ አልነበረም» የሚል ነው። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ የሚያልቀው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ሎኮሞቲቭ ይገዛል። ፉርጎም ይገዛል። የሐዲዱ ብረትም በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። ተሠርቶ የማይመጣው ከሐዲዱ በታች ያለው ነው፦ ቆረጣው፣ ሙሌቱ፣ የውኃ መውረጃው፣ ድልድዩ፣ የጠጠር አልጋው። ይህ እዚያው መሬቱ ላይ፣ በዚያው አገር አፈርና ድንጋይ መሠራት አለበት። ባቡርን ውድ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ ቦታው ቁጠባ ሲደረግበት ደግሞ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ይህን በትንሹ ለማየት የእንጨት ጠረጴዛ ይበቃል።

▪️ ጠረጴዛው

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የመጫወቻ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ብዙዎቹ እውነተኛ መስመር በልኩ አሳንሰው ነው የሚሠሩት። በጣም የተለመደው ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው።

ጀማሪ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለውን ገንዘብ ሎኮሞቲቩ ላይ ይጨርሳል። ከዚያ በቀጭን ጣውላ ላይ ሐዲዱን ይዘረጋል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጣውላው መሐሉ ይሰረጉዳል፤ የሐዲዱ መጋጠሚያ በ1 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ባቡሩ ይወድቃል። በዚህ ልክ 1 ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛው ባቡር ላይ 9 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሎኮሞቲቩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያልፍም።

መፍትሔው ግን ውድ እንጨት መግዛት አልነበረም። «ሞዴል ሬይልሮደር» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ሊን ዌስትኮት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ዘዴ አስፋፋ። ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን በማዕዘን አጣብቆ «ኤል» የሚለውን የላቲን ፊደል የሚመስል ወራጅ መሥራት ነው። ለብቻቸው ሲሆኑ የሚጎብጡት እንጨቶች በዚህ ቅርጽ ሲጋጠሙ ሰው ይሸከማሉ። ጥንካሬው የመጣው ከእንጨቱ ብዛት ሳይሆን ከቅርጹ ነው። በላዩ የሚጋደሙት እንጨቶች ደግሞ ከታች በኩል ስለሚታሰሩ፣ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላም ቢሆን ፈትቶ ቦታቸውን ማዛወር ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ርካሽ መሆንና ደካማ መሆን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው፣ ጥሩ መሠረት ነገ ሐሳብ ቢቀየር ቦታ ይሰጣል።

በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሞዴል ባቡር ክበብም የሚነግረን ተመሳሳይ ነገር ነው። ክበቡ ከላይ የሚታየውን ገጽታ የሚሠሩና ከጠረጴዛው ሥር ሽቦውን የሚዘረጉ አባላት ነበሩት። ኋላ በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ስማቸው የተነሣው በተለይ ከጠረጴዛው ሥር የነበሩት ናቸው።

▪️ ዮኮሃማ፣ 1854

ትንሽ ባቡር የአንድን አገር መንገድ ሊለውጥ እንደሚችል ጃፓን ምስክር ናት። በ1854 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ ፔሪ ለጃፓን መንግሥት ካመጣቸው ስጦታዎች አንዱ በእንፋሎት የሚሄድ፣ ከእውነተኛው በአራት እጥፍ ያነሰ ባቡር ነበር። በዮኮሃማ ክብ ሐዲድ ተዘርግቶለት ዞረ። ፉርጎው ውስጥ ሰው ስለማይገባ አንድ ጃፓናዊ ሹም ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ጋለበ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሩሲያውያንም ናጋሳኪ ላይ ትንሽ የእንፋሎት ሞዴል አሳይተው ነበር። ጃፓኖች ተደንቀው ብቻ አልቀሩም። የሳጋ ግዛት ባለሙያዎች በ1855 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሞዴል ሠሩ። ከመካከላቸው አንዱ ታናካ ሂሳሺጌ ሲሆን፣ ኋላ የከፈተው ወርክሾፕ ለዛሬው ቶሺባ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ መስመር ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ በ1872 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የተወሰነው ክፍል በባሕር ውስጥ በተካበ የድንጋይ ሙሌት ላይ ያልፍ ነበር። ይህ ሙሌት ከረጅም ዘመን በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የግንባታ ሥራ መሐል ተገኘ። ሎኮሞቲቮቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ካቡ ግን ከነቅርጹ ነበር።

ይሁን እንጂ ጃፓንም ያለ ቦታው ቆጥባለች። ወጪ ለመቀነስ የሐዲዱን ስፋት 1,067 ሚሊሜትር አደረገችው። ጠባብ ሐዲድ ጥምዝምዙን ቶሎ ይዞራል፤ ስለዚህ ቆረጣውም ሙሌቱም ያንሳል። ፍጥነቱና ጭነቱ ግን አብሮ ይገደባል። እናስፋው ወይስ እንተወው የሚለው ክርክር ለአሥርት ዓመታት አልተቋጨም። በመጨረሻ በ1964 እ.ኤ.አ. ፈጣኑ ሺንካንሰን ሲመጣ በ1,435 ሚሊሜትር ስፋት፣ ከመሬቱ ጀምሮ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት።

▪️ ሐረርን ያለፈው ባቡር

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ። የደቡብ ምዕራቡ ቡና አገር ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ምክንያቱም ጠባብና ርካሽ ስለሆነ። የመጀመሪያው ብረትም ቀላል ነበር። በሥሩ የተጋደመው የብረት አግዳሚ ግን ምስጥ የማይበላው ነው፤ እዚያ ላይ በደንብ ታስቧል።

ሐረር ላይ ሲደረስ ሒሳቡ አልወጣ አለ። ወደ ከተማዋ ተራራውን መውጣት የሚጠይቀው ቆረጣና ሙሌት ከአቅም በላይ ሆነ። መስመሩ ቆላውን ይዞ ታጠፈ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ የደረሰበት ቦታ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት። ልብ በሉ፦ ከሐዲድ በታች ያለ ወጪ አንዲት ታላቅ የንግድ ከተማ ወደ ጎን እንድትቀር፣ ሌላ ከተማ ደግሞ ከምንም እንድትወለድ አደረገ።

ገንዘቡ ድሬዳዋ ላይ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሽኩቻም ተጨመረበት። በሌላ ኩባንያ ሥራው ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው ክፍል፣ የከፋው፣ ወረቀት ላይ ቀረ።

▪️ ሁለቱ የደቡብ ዕቅዶች

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ራስ መንገሻ ሥዩም ስማቸው ከምሥረታዋ ጋር ይነሣል። የባቡር ሳይሆን የመኪና መንገድ ልጅ ናት። በእነዚያው 1950ዎቹ ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከናዝሬት እስከ ዲላ የሚወርድ የባቡር ቅጥያ አቅዶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሲዳሞ ቡና። ዕቅዱ ሐዲድ ሳይዘረጋ ቀረ።

ሁለተኛው ዕቅድ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከተሠመሩት መስመሮች አንዱ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው የአንድ ሜትር መስመር ላይ መደረብ አልተቻለም፤ እንደ ጃፓኑ ሺንካንሰን ከመሬቱ ጀምሮ አዲስ ተሠራ። የአያቶች ቁጠባ ዋጋ በልጅ ልጆች ብድር ተከፈለ።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ወልድያው መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። አብዛኛው ግንባታ ተከናውኗል፤ መደበኛ አገልግሎት ግን አልጀመረም። ለኤሌክትሪክ ባቡር ከሐዲዱ በታች ያለው ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ያለው ሽቦና ኃይሉ ጭምር መሠረት ነው።

ሐዋሳ በበኩሏ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ግዙፍ የኢንዱስትሪ ፓርክ አገኘች። ፓርኩን የገነባው የቻይና ኩባንያ ከጅቡቲው መስመር የሚኤሶን ወዲያኛውን ክፍል የሠራው ነው። ፋብሪካውና ባቡሩ በአንድ እጅ ተሠሩ፤ በመሐላቸው ግን ከሞጆ እስከ ሐዋሳ 200 ኪሎሜትር ያህል ቀረ። ያንን ርቀት የሐዋሳ ሸሚዝ የሚሄደው በጭነት መኪና ነው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ ስትወጣ በዋጋ መፎካከር የበለጠ ከበደ፤ የማጓጓዣ ወጪም ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ነው።

▪️ ርካሹ መሬት ርካሽ ነውን?

ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ያለው መሬት የስምጥ ሸለቆ ወለል ነው። በካርታ ሲታይ የሚበሳ ተራራ ስለሌለ ርካሽ ይመስላል። በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በአቢጃታና በሻላ ሐይቆች አካባቢ የሚታለፈው አፈር ግን የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ይሰምጣል፤ ጎርፍ ሲያገኘው ይሸረሸራል። በስምጥ ሸለቆው ከዝናብ በኋላ ምድር የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎችም አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ራሱ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ወደ ተፋሰሱ የገባ ውኃና ደለል እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ባቡር ቁጠባ የሚያደርግበትን ቦታ መምረጥ አለበት። ጣቢያዎቹ ትንንሽና ቀላል ይሁኑ፤ ችግር የለም። መጀመሪያ ነጠላ መስመር ይሁን፤ ወደፊት ይደረባል። ጥቂት ሎኮሞቲቮች ይኑሩት፤ ጭነቱ ሲጨምር ይገዛሉ። ሙሌቱ፣ የውኃ መውረጃውና የጥምዝምዙ ስፋት ግን አንዴ ከተበላሹ ሊጨመሩ የማይችሉ ናቸው።

ሌላው የቁጠባ መንገድ ሥራውን መከፋፈል ነው። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ የተጀመረው ለአራት ክፍል ተሸንሽኖ፣ በተለያዩ አበዳሪዎች ገንዘብ ነው። አንዱ ክፍል ሲዘገይ ያለቀው ያገለግላል። ባቡሩም ከሞጆ ቢጀምር እያንዳንዱ ያለቀ ቁራጭ ከጅቡቲ ጋር የተገናኘ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም ክፍል ከመጀመሪያው በአንድ ልክ ከተነደፈ ነው። የቤት ባቡር ሠሪዎችም ጠረጴዛቸውን በቁራጭ ሲሠሩ የመጀመሪያው ሕጋቸው የመጋጠሚያው ቁመትና ስፋት አንድ እንዲሆን ነው።

ዕውቀቱም ቢሆን ሁሉ ከውጭ አይመጣም። መስመሩ ሊያልፍባት በታሰበችው በኮንሶ ገበሬው ተዳፋቱን በደረቅ ድንጋይ ካብ ይዞ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አፈርን ይዞ ውኃን ማሳለፍ ማለት ያ ነው።

▪️ አንድ ጠረጴዛ በሐዋሳ

ሐዋሳ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ዩኒቨርሲቲም አላት። ባቡሩ እስኪመጣ ባቡርን መማር የሚከለክል ነገር የለም። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ያለው መንገድ 87 ጊዜ ቢያንስ እንኳ ከ2 ኪሎሜትር ይበልጣል፤ ሙሉውን መሥራት አይቻልም። አንድ ወሳኝ ቁራጭ ግን፣ ለምሳሌ ወደ ሐዋሳ መግቢያውን ከነተዳፋቱና ከነውኃ መውረጃው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል።

ወጪውም ብዙ አይደለም። ለወራጁና ለእግሩ ቀጭን ሞራሌ፣ ለሐዲዱ መደብ ፕላይውድ፣ ኮላና ብሎን ይበቃል። የባሕር ዛፍ እንጨት ከሆነ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጠረጴዛው እጅ ከሚደርስበት በላይ፣ ማለትም ከአንድ ወገን ከ75 ሴንቲሜትር ያህል በላይ፣ መስፋት የለበትም። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ከ2 ሴንቲሜትር ካለፈ ትንሹም ባቡር ጭነቱን ይዞ መውጣት ይቸግረዋል። ተማሪው ይህን በእጁ ሲያየው ሐረር ለምን እንደቀረች ይገባዋል።

ሦስተኛ ዕቅድ አንድ ቀን ይመጣል። ያኔ ለሕዝብ የሚታየው የሎኮሞቲቩ ፎቶ ነው። የሐዋሳ ሰው ግን ከፎቶው በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ሙሌቱ በምን አፈር ይሠራል? ውኃው በየት ይወጣል? ስፋቱና ጥምዝምዙ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ጭነት ይችላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ፣ ሐዲዱ ቢዘረጋ እንኳ፣ የልጅ ልጆች እንደ አዲስ የሚከፍሉበት ይሆናል።