የሐይቅ ደለል እንደ ዝናብ መዝገብ

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጣሪያዎች ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይፈሳል። የፍሳሹን ቦይ ስፋት የሚወስነው መሐንዲስ የሚመረኮዝበት የዝናብ መዝገብ ግን፣ ረጅም ነው በሚባልበት በአዲስ አበባ እንኳ፣ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። ከዚያ የቀደመው መዝገብ የሚገኘው በሐይቆች ግርጌ በተጋደመው ደለል ውስጥ ነው።

ከመዝገቡ ጸሐፊዎች አንዱ ኦስትራኮድ ይባላል። ይኸውም ከሸርጣን ወገን የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ በሁለት ዛጎሎች መካከል ተሸሽጎ የሚኖር ፍጡር ነው። እስኪያድግ ድረስ ዛጎሉን ደጋግሞ ይጥላል፤ አዲሱንም በዙሪያው ካለው ውሃ ካልሲየም ይሠራል። ትነት በበረታ ጊዜ ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ስለሚተን በሐይቁ ከባዱ ኦክስጅን ይበዛል፤ ዛጎሉም ይህንኑ ይይዛል። የዝርያዎቹ ዓይነትም ራሱን የቻለ ምስክር ነው፤ አንዳንዶቹ ጨዋማ ውሃ ይችላሉ፣ ሌሎቹ ግን ከጣፋጭ ውሃ ውጭ አይገኙም።

የአገራችን ታሪክ ግን በዓይን በሚታይ ነገር ተጀመረ። ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን የጥንት ዳርቻዎች ገለጠ። በዚያን ዘመን ዝናባማ ወቅቶችን ከአውሮፓ የበረዶ ዘመን ጋር ማዛመድ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ግሮቭ፣ ስትሪትና ጉዲ ያቀረቡት በሬዲዮካርቦን የተደገፈ ጥናት ግን የከፍታው ዘመን በአብዛኛው የበረዶው ዘመን ካለፈ በኋላ መሆኑን አመለከተ። ያን ጊዜ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ፤ ውሃው ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የቦሌ ለሚም ዝናብ የሚገባው ወደዚሁ ወንዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁፋሮው ጠለቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዛሬ በአብዛኛው የጨው ጭቃ በሆነው በደቡቡ ጨው ባሕር፣ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራት ከተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ቡድን ጋር ወደ 280 ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ወደ 620,000 ዓመት የሚደርስ መዝገብ ተገኘ። ከጨው ባሕር ደለል በወንፊት ታጥበው፣ በማይክሮስኮፕ የተለዩ የኦስትራኮድ ዛጎሎችም ለዚህ የንባብ ሥራ አገልግለዋል።

መዝገቡ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሙቀትም የኦክስጅኑን መጠን ይለውጣል፤ ጎርፍ የቆየውን ዛጎል ከአዲሱ ይደባልቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአብያታ ነገር ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሶዳ አሽ ምርትና ለመስኖ በሚቀዳው ውሃ ምክንያት ሐይቁ በእጅጉ ሸሽቷል፤ ጨዋማነቱም ጨምሯል። ዛሬ በግርጌው የሚጠራቀመውን ደለል ከሺህ ዓመት በኋላ የሚቆፍር ተመራማሪ፣ የቧንቧውን ታሪክ ካላወቀ በቀር፣ በዚህ ዘመን ታላቅ ድርቅ ነበረ ብሎ ይጽፋል።