ከባቫሪያ እስከ ቻፑልቴፔክ፤ የአንድ ተዘዋዋሪ ሮለር ኮስተር ታሪክ
ሕንፃ በተመሠረተበት ስፍራ ጸንቶ ኖሮ በዚያው ማርጀትና መፍረስ ልማዱ ሲሆን፣ ሰውን አሳፍሮ በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚከንፈው የብረት ሮለር ኮስተር ግን ምሰሶው ከምሰሶው፣ ሐዲዱም ከሐዲዱ ተለያይቶ፣ በመኪናና በመርከብ ተጭኖ፣ እንደ ዘላን ድንኳን ከአገር ወደ አገር የሚሻገርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም ተዘዋዋሪዎች መካከል ታሪኩ እጅግ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ1984 በጀርመን አገር የተሠራው ድራየር ሉፒንግ ነው።

ሠሪው አንቶን ሽዋርስኮፍ የባቫሪያ ሰው ሲሆን፣ አስቀድሞ ለዘዋሪ ትርኢተኞች ተጎታች ጋሪ ይሠራ ስለ ነበር፣ የሚጓጓዝን ነገር ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከእርሱ በፊት በ19ኛው መቶ ዘመን ሰውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ሐዲድ የሞከሩ ቢኖሩም፣ ቀለበታቸው ፍጹም ክብ በመሆኑ ሰረገላው ገና ሲገባ ድንገተኛ ክብደት በተሳፋሪው አንገት ላይ ይወድቅ ነበር። ሽዋርስኮፍ ግን ከመሐንዲሱ ከቬርነር ሽቴንገል ጋር ሆኖ ቀለበቱን ከግርጌው ሰፋ፣ ከአናቱ ጠበብ አድርጎ በመቀየስ፣ ክብደቱ ቀስ በቀስ እንዲመጣ አደረገ፤ ይህም ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ በማጂክ ማውንቴን መናፈሻ በቆመው፣ ሬቮሉሽን በተባለው ሮለር ኮስተር ለሕዝብ ተገለጠ።

ድራየር ሉፒንግ ይህንኑ ቀለበት በሦስት አባዝቶ፣ ከዚህም በላይ እንዲፈታና እንዲገጠም ሆኖ የተሠራ ነበርና፣ በጀርመን ከተሞች ዐውደ ዓመቱን እየተከተለ ብዙ ዘመን ሲተከልና ሲነቀል ኖረ። ከዚያም ወደ ማሌዥያ ተሻገረ፤ ከማሌዥያም ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ በዮርክሻየር በፍላሚንጎ ላንድ ማግነም ፎርስ ተብሎ ተሰየመ፤ በፍጻሜውም እ.ኤ.አ. በ2007 በሜክሲኮ ከተማ፣ በቻፑልቴፔክ ደን በነበረው በላ ፌሪያ መናፈሻ ተተከለ፤ ኋላም ኪሜራ ተባለ። ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ስሙ ቢለወጥም ብረቱ ያው ብረት ነበረ፤ የየአገሩም ድካም በውስጡ ተከማችቶ ከእርሱ ጋር ይጓዝ ነበር።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚነቀል ነገር በተነቀለ ቁጥር እያንዳንዱ ክፍሉ በሰው እጅ የሚዳሰስ፣ በሰውም ዓይን የሚታይ መሆኑ ነው፤ በአንድ ስፍራ ተተክሎ የሚኖር ግን ጉዞ ሳያስገድደው በፈቃዱ ዘወትር የሚመረምር ትጉህ ጠባቂ ያሻዋል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2019 የኪሜራ የኋለኛው ሰረገላ ከሐዲዱ ወጥቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። መርማሪዎች ጥገናው የጎደለ እንደ ነበረ ገለጡ፤ የከተማዋም አስተዳደር የመናፈሻውን ፈቃድ ሰረዘ። ሽዋርስኮፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ዐርፎ ነበርና የሥራውን ፍጻሜ አላየም።

እንግዲህ ያገለገለ ማሽን ከሩቅ አገር ገዝቶ የሚያመጣ ሁሉ፣ ብረቱን ብቻ ሳይሆን የጥገናውን መዝገብና ጠባዩን የሚያውቀውን ባለሙያ ጭምር ያምጣ፤ ይህን ለማድረግ አቅም ያነሰው እንደ ሆነ ግን ባይገዛው ይሻላል።