የፎገራ ቤተሰብ ጣናን በአነስተኛ ወጪ ሲጎበኝ

ወረታ፦ ከፎገራ ሜዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ቆሞ ጣና ሐይቅን መመልከት አያስቸግርም። ሆኖም በሐይቁ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ በጀልባ ሳይሄዱ የሚያድጉ የአርሶ አደር ልጆች ጥቂት አይደሉም። ልጆች በቴሌቪዥን የቢሾፍቱን የውኃ መዝናኛ አይተው ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። ቢሾፍቱ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለአምስትና ለስድስት ሰው የሚከፈለው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ብቻውን ብዙ ቤተሰብን ተስፋ ያስቆርጣል። ከወረታ ባሕር ዳር ግን ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ማልዶ የተነሣ ቤተሰብ ሐይቁን ጎብኝቶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ወጪው የሚጀምረው ከመናኸሪያው ሳይሆን ከጎተራው ነው። የሩዝ ዋጋ በአጨዳ ሰሞን ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይወጣል። በኅዳር ለሽርሽር ተብሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ የሚሸጥ ገበሬ የጉዞውን ወጪ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በባሕር ዳር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሰኔ ያንኑ እህል በውድ ሲገዛ። ስለዚህ ለጉዞው ከሩዙ ይልቅ የመስኖ ሽንኩርት ሽያጭ ወይም የዕቁብ ተራ ይሻላል። ጊዜውም ቢሆን የተማሪዎች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቢዘጋም የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ ለአረምም እጅ ይፈለጋል።

ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ ትልቁ ወጪ ጀልባ ነው። በኮንትራት የሚያዝ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልበት በጉዞ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። አሥር ሰው በሚይዝ ጀልባ አምስት ሆኖ የሚሳፈር ቤተሰብ የአምስት ባዶ መቀመጫ ዋጋም ይከፍላል። ሁለት ጎረቤታሞች ወይም የአንድ ማኅበር አባላት ተቀናጅተው ቢሄዱ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ዋጋውን ከደላላ ሳይሆን ከራሱ ከጀልባው ባለቤት ጋር፣ ከመሳፈር በፊት መነጋገር ያስፈልጋል፤ መልሱንና በደሴቱ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት ጭምር። ለዘጌ ነዋሪዎች የሚመላለሰው የሕዝብ ጀልባ ከኮንትራቱ እጅግ ይረክሳል፤ መነሻ ሰዓቱ ግን ስለሚለዋወጥ ከዋዜማው በወደቡ መጠየቅ ይበጃል። ዘጌ ልሳነ ምድር በመሆኑ በየብስም ይደረስበታል፤ ጀልባ ላይ መሳፈር የናፈቃቸው ልጆች ግን በዚህ አይደሰቱም።

ብዙ ደሴት በአንድ ቀን ለማየት መሯሯጥ ኪስንም ልጆችንም ያደክማል። በዘጌ አንድ ጊዜ ከወረዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን በቡና ደን ውስጥ በእግር እየተጓዙ ማየት ይቻላል። መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ ስለሚከፈል የትኞቹ እንደሚጎበኙ አስቀድሞ መወሰን ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም። ይህን ሳያውቅ ጀልባ የተከራየ ቤተሰብ እናትና ሴት ልጆች ዳር ላይ ሲጠብቁ ሙሉ ዋጋ መክፈሉ አይቀርም። የእንጦስ ኢየሱስ ደሴት ከክብራን ጎን ሲሆን ለሁሉም ክፍት ነው።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በመስከረምና በጥቅምት ያማረ ነው። በበጋ ግን ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚውል ፏፏቴው ይሳሳል፤ በየካቲት የሄደ ሰው ለትንሽ ውኃ ብዙ ብር ሊያወጣ ይችላል።

ጎንደርን በጥምቀት ማየት የብዙዎች ምኞት ነው። ጥር 11 ቀን ግን የአልጋ ዋጋ እጅግ ይንራል። ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በዓሉ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ቢሄድ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ያለ ግፊያ ያያል። የሚቀርበት ታቦቱ ሲወጣ ማየት ነው፤ ያም ለብዙ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ለጀልባም ካልበቃ በራሱ በፎገራ ወረዳ፣ በደብረ ታቦር መንገድ በኩል የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ የሽመና ሥራውን ለእንግዳ ያሳያል፤ ወንዶች ሲፈትሉ፣ ሴቶች ሲሸምኑ የሚያዩ ልጆች ጥያቄ አያልቅባቸውም።

ስንቅ ሌላው ቁጠባ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይዞ የሄደ ቤተሰብ በምግብ ቤት የሚከፍለው ለሻይና ለአንድ ሳህን ዓሣ ብቻ ይሆናል፤ ጾም ካልሆነ። ቁጠባ የማይገባበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተንሳፋፊ ጃኬት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ጃኬት የሌለው ወይም ከልኩ በላይ ሰው የጫነ ጀልባ ቢረክስም ይለፍ። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው በጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት በመናኸሪያው ማጣራት፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ወረታ በስንት ሰዓት እንደሚነሣም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያመለጠው ሰው ሳያስበው የአልጋ ይከፍላልና።