ሙቀጫና ዘነዘና
የቡና መውቀጫ፤ ሙቀጫው እንጨት፣ ዘነዘናው ብረት። ሳሪስ፣ አዲስ አበባ።

ሳሪስ ግቢ ውስጥ ቡና ሲወቀጥ ድምፁ ከአጥር ያልፋል። ቡና የለመደ ጎረቤት ገና ጀበናው ሳይጣድ ምራቁን ይውጣል። ድምፁ በራሱ የሚያስጎመጅ ነገር የለውም፤ ብረት እንጨት ሲመታ ነው። ጉልበቱን ያገኘው በየዕለቱ ከቡናው ጣዕም ቀድሞ ስለሚመጣ ነው። ሥነ ልቦና ይህን ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ ይለዋል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች እንዳሳየው፣ ምግብ ያለ ምንም ልምምድ ምራቅ ያስመጣል፤ ምግቡን ደጋግሞ የሚቀድም ድምፅም ውሎ አድሮ ብቻውን ያስመጣዋል። (ስሙ ሲነሳ ሁሉም ደወል ይላል፤ እሱ ግን ሜትሮኖምም ይጠቀም ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመውም በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው።)

«ሰው እኮ ውሻ አይደለም፤ የሚጎመጀው ቡና እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው» የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሬስኮርላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይጦች ባደረገው ሙከራ የሁለት ነገሮች መገጣጠም ብቻ እንደማይበቃ፣ ምልክቱ የሚከተለውን በትክክል መጠቆም እንዳለበት አሳይቷል። በዚሁ ሙቀጫ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም አዘውትሮ ከተወቀጠ ድምፁ ስለ ቡና የሚናገረው ያንሳል። ነገሩ ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ቡናው የሌላ ቤት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ባልጎመጀ ነበር፤ ይጎመጃል። ድምፁ ያለ ቡና ሲደጋገም ልማዱ ይከስማል፤ ቢሆንም ጨርሶ አይሰረዝም፣ ከቆይታ በኋላ ድንገት ያገረሻል።

ሙቀጫውን መንካት ይፈቀዳል፤ ዘነዘናውን አንሥተው ይሞክሩት።